ሜታል ዲቴክተር ስትገዙ፦ ለግቢ፣ ለባህር ዳርቻ ወይስ ለቀይ አፈር?

ሜታል ዲቴክተር፣ አፈር ውስጥ የተቀበረ ሳንቲምና ቀለበት የሚፈልገውን ማሽን፣ «ልግዛ» ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛው ነው በጣም ጠልቆ የሚያገኘው?» ይለኛል። እኔም መልሼ «የት ልትሄድበት ነው?» እለዋለሁ። ይህን ሳይወስን የገዛ ሰው ብዙ ዶላር ከፍሎም ማሽኑ ዝም ብሎ ሲጮህበት ይውላል። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ጋራዥ ይገባል፣ ከዚያም ይረሳል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ከገባችሁ ከቤት የሚያስወጣ፣ በእግር የሚያስኬድ፣ ልጆችን ከስልክ የሚያላቅቅ ምርጥ ጊዜ ማሳለፊያ ነው።

ስለዚህ እዚህ ማሽኖቹን የማወዳድረው በመሬቱ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከምኖርበት ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ አገር ያላችሁ የራሳችሁን አፈር እያሰባችሁ አንብቡት።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ከታች ያለው ክብ ነገር ኮይል ይባላል። ውስጡ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ኮይሉ ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። እዚያ ሳንቲም ወይም ቀለበት ካለ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ማሽኑ የሚሰማው የዚያን ጅረት ምላሽ ነው። ችግሩ መሬቱም ዝም አለማለቱ ነው። የብረት ማዕድን የበዛበት ቀይ አፈር ይጮሃል። በጨው ውሃ የራሰ አሸዋም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይጮሃል። ርካሹንና ውዱን ማሽን የሚለያቸው ዋናው ነገር ይህን ጩኸት አልፈው ሳንቲሟን መስማት መቻላቸው ነው።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በአንድ ፍሪኩዌንሲ (ሞገዱ በሰከንድ በሚርገበገብበት መጠን) የሚሠራ ነው። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ይልካል፤ መልቲ ፍሪኩዌንሲ ይሉታል። ሦስተኛው ፐልስ ኢንዳክሽን ነው፣ ባጭሩ ፒአይ። ፒአይ ገደል አፋፍ ላይ ጮኾ ማሚቶውን እንደሚያዳምጥ እረኛ ነው፤ ሞገዱን ይለቅና ያቆማል፣ ከዚያ በዝምታው መሃል ያዳምጣል።

ግቢ፣ ሜዳና የድሮ ቤት

ሐሳባችሁ የራሳችሁ ወይም የወዳጅ ግቢ፣ የድሮ ቤት ዙሪያ፣ አስፈቅዳችሁ የምትገቡበት እርሻ ከሆነ ባለአንድ ፍሪኩዌንሲው ይበቃችኋል። ከ200 እስከ 300 ዶላር አካባቢ የሚሸጡ ደህና ማሽኖች አሉ።

የቴክሳሱ ጋሬት ኤስ 300 ለዓመታት የጀማሪ ማሽን ሆኖ ኖሯል። በ8 ኪሎኸርዝ ይሠራል፣ አራት ዶብል ኤ ባትሪ ይበላል፣ ቁልፎቹ ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ለልጅ ወይም ሜኑ መነካካት ለማይወድ ሰው ጥሩ ነው። ድክመቱ ኮይሉ ውሃ ቢችልም ስክሪን ያለበት ሳጥን አለመቻሉ ነው። ዝናብ ከመጣ መሸፈን አለባችሁ።

የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስና የአውስትራሊያው ማይንላብ ኤክስ ቴራ ፕሮ በዚሁ ዋጋ አካባቢ መጥተው ጨዋታውን ቀይረውታል። ሁለቱም ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ኤክስ ቴራ ፕሮ ከ5፣ ከ8፣ ከ10 እና ከ15 ኪሎኸርዝ አንዱን እንድትመርጡ ይፈቅዳል፤ እስከ 5 ሜትር ውሃም ይችላል። ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ለትልልቅ የብር ሳንቲም ይመቻል፣ ከፍ ያለው ለትንንሽና ለስስ ነገር። ዛሬ አዲስ የሚገዛ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከሁለቱ አንዱን እለዋለሁ። ኤስን የምመክረው በጥሩ ዋጋ ያገለገለ ከተገኘ ነው።

አሜሪካ የድሮ ቤት ግቢ ውስጥ ምን ይገኛል? እስከ 1964 የተመቱት አሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲሞች 90 ከመቶ ብር ናቸው። ከ1965 ጀምሮ አሥሩና ሃያ አምስቱ በመዳብና በኒኬል ተተኩ። አንድ የ1950ዎቹ ሃያ አምስት ሳንቲም ከሣሩ ሥር ሲወጣ ትናንት የወደቀ ይመስላል፤ ብር አፈር ውስጥ ብዙም አይበላሽም። ድምፁም ጥርት ያለና ከፍ ያለ ስለሆነ ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

የድሮ ቤት አንድ ችግር አለበት፤ ምስማር። ቤቱ በታደሰ ቁጥር መሬቱ ምስማር ይጠግባል። ትልቅ ኮይል በአንድ ጊዜ ሦስት ምስማርና አንድ ሳንቲም ስለሚያይ ሳንቲሟ በምስማሩ ድምፅ ትዋጣለች። እንዲህ ያለ ቦታ የምትውሉ ከሆነ ተጨማሪ ትንሽ፣ 6 ኢንች አካባቢ የሆነ ኮይል የሚገኝለትን ማሽን ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል ትንሽ ኮይል መኖሩን አጣሩ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ያልፈዋል።

ባህር ዳርቻ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው በብዛት ዲቴክተር የሚያምረው በጋ ላይ ኦሽን ሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቢች ሄዶ አንዱ ሲፈልግ ካየ በኋላ ነው።

ባህር ዳርቻ ሁለት መሬት ነው። ፎጣ የሚነጠፍበት ደረቅ አሸዋ አለ። ሞገዱ የሚመላለስበት እርጥብ አሸዋ አለ። በደረቁ ላይ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ ይሠራሉ። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥ ይገኛል። እርጥቡ ላይ ስትደርሱ ግን ባለአንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን መንጫጫት ይጀምራል። ኮይሉ ባይነቃነቅም ይጮሃል፣ ሞገዱ በመጣ ቁጥር ይጮሃል። ዝም ለማሰኘት ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን የመስማት ኃይል) ስትቀንሱ ጥልቀቱ አብሮ ይሄዳል። ጥሩ ጥሩ ቀለበቶች ደግሞ የሚወድቁት እዚያው ነው፤ ጣት በቀዝቃዛ ውሃ ይኮማተራል፣ የፀሐይ ቅባት ያንሸራትታል፣ ሞገዱ የቀረውን ይጨርሳል።

ስለዚህ ጨው ውሃ ከሆነ ዓላማችሁ መልቲ ፍሪኩዌንሲ ግዙ። ሌላ መንገድ ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑ።

ከመልቲዎቹ ርካሹ የማይንላብ ቫንኩዊሽ ቤተሰብ ነው፤ 340፣ 440፣ 540። በእርጥብ አሸዋ ላይ በዋጋው ከሚጠበቀው በላይ ይረጋጋል። ነገር ግን ውሃ የሚችለው ኮይሉ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 1 ሜትር። ሳጥኑ ላይ ሞገድ ቢመታው አበቃለት። በአሸዋው ላይ ብቻ ለሚሄድና ውሃ ውስጥ ለማይገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ዋጋ አላውቅም።

እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ ልግባ ካላችሁ ከፍ ማለት አለባችሁ። ኖክታ ሌጀንድ በ500 እና በ650 ዶላር መካከል ሲሸጥ አይቻለሁ፤ በገንዘቡ ልክ ብዙ ይሰጣል። የማይንላብ ኢኩዊኖክስ በ2018 ሲወጣ መልቲ ፍሪኩዌንሲን ለተራው ሰው ያደረሰ ማሽን ነው። የመጀመሪያዎቹ 600 እና 800 እስከ 3 ሜትር፣ አዲሶቹ 700 እና 900 እስከ 5 ሜትር ውሃ ይችላሉ። ኢኩዊኖክስ 900 ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። የፈረንሳዩ ኤክስፒ ዴውስ 2 ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። እስከ 20 ሜትር ይወርዳል፣ ኮይሉና መቆጣጠሪያው ያለ ሽቦ ይነጋገራሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ክንድ ሲወዛወዝ ግማሽ ኪሎ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ዕድሜው ለገፋ ወይም የትከሻ ሕመም ላለበት ሰው ዴውስ 2 ውድ ቢሆንም ገንዘቡ የሚገባው ይመስለኛል። ለሌላው ሌጀንድ በቂ ነው።

ለባህር ረጅም እጀታ ያለው የማይዝግ ብረት ማንኪያ መሰል መዛቂያም ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ በእጅ መቆፈር አይቻልም፤ ጉድጓዱ ሳታዩት ይሞላል። ደግሞም ከባህር ስትመለሱ ማሽኑን በቧንቧ ውሃ እጠቡት። ጨው ሳይታጠብ ከደረቀ መጋጠሚያዎቹን ይበላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሸዋው ላይ የዓሣ አጥማጆች እርሳስና ሳንቲም በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ካገኛችሁ ዝግ በሉ። ውሃው ከባድ ከባዱን እየለየ አንድ ቦታ ያስቀምጣል። ወርቅ ከሁሉም ይከብዳል።

ቁጥሩን እንዴት እናንብብ?

ሻጮች ስክሪኑን ያሞግሳሉ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ብረት፣ ከፍተኛው ብርና መዳብ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው።

በኢኩዊኖክስ 800 ላይ የአሜሪካ አምስት ሳንቲም 12 ወይም 13 ያሳያል። የጣሳ መክፈቻም፣ ከለስላሳና ከቢራ ጣሳ ላይ በጣት የሚሳበው፣ እዚያው አካባቢ ነው። መካከለኛ የወርቅ ቀለበትም እዚያው ነው። ስስ የሴት ቀለበት ከዚያ ዝቅ ብሎ ከሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ጋር ይቀላቀላል። ቆርኪ ደግሞ ብረት ሆኖ ሳለ አንዳንዴ እንደ ሳንቲም አሳምሮ ይዋሻል። ስለዚህ ቆሻሻ አልፈልግም ብላችሁ የጣሳ መክፈቻን በማጣሪያ ብትዘጉ ወርቁንም አብራችሁ ዘጋችሁት። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ የጣሳ መክፈቻ ያወጣል። ይህን የማይቀበል ሰው የብር ሳንቲም ቢፈልግ ይሻለዋል።

በጆሮ የሚሰማ ግን ልዩነት አለ። ከአንድ አቅጣጫ ሄዳችሁ 13 አሳየ እንበል። ዘጠና ዲግሪ ዞራችሁ በመስቀል እለፉበት። አሁንም 13፣ ድምፁም ለስላሳና አጭር ከሆነ ቆፍሩ። ቁጥሩ 9፣ 16፣ 11 እያለ የሚዘል፣ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ የተጣመመ ቆርቆሮ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የወርቅ ቀለበት ክብ ስለሆነ ከየትም ብትመጡበት አንድ ዓይነት ይናገራል። ስለዚህ ማሽን ስታወዳድሩ ድምፁ ለጆሯችሁ የሚገባችሁን ምረጡ። ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ያዘገያል፤ ድምፁ ሲደርሳችሁ ኮይሉ ቦታውን አልፎታል። ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወይም ለዚሁ የተሠራውን፣ ካልሆነም ባለሽቦውን ተጠቀሙ።

ቤታችሁ ጠገራ ብር ካለ ለመለማመጃ አምጡት። የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፣ ከ83 ከመቶ በላይ ብር ነው። ኮይሉ ፊት ስታሳልፉት የከፍተኛ ድምፅ ምን እንደሆነ ትማራላችሁ። ቀጥሎ የጣት ቀለበታችሁን፣ ቆርኪና የጣሳ መክፈቻ አሳልፉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መመሪያው መጽሐፍ የማይነግራችሁን ታውቃላችሁ።

ቀይ አፈርና የወርቅ ማሽን

ቨርጂኒያ ውስጥ ኩልፔፐር የሚባል አውራጃ አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሠራዊቶች የሰፈሩበት ቦታ ነው፣ አፈሩም በብረት ማዕድን የታወቀ ቀይ ነው። እዚያ ጥሩ የተባለ ማሽን ጥይቷ ጣት ከማይሞላ ጥልቀት በታች ስትሆን ይስታታል። የአካባቢው የድሮ ጥይትና የወታደር ልብስ ቁልፍ ፈላጊዎች ፒአይ የሚይዙት ለዚህ ነው። ፒአይ ቀይ አፈርም ጨውም ብዙ አያስጨንቀውም።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ፒአይ አንገዛም? ምስማርን ከወርቅ ደህና አድርጎ አይለይም። የጮኸውን ሁሉ መቆፈር አለባችሁ። ዋጋውም የሚያስደነግጥ ነው፤ ማይንላብ ጂፒኤክስ 6000 ወደ 6,000 ዶላር ነው። ለመዝናኛ የሚሆን ነገር አይደለም።

ይህን የማነሳው ከአገር ቤት «የወርቅ ማሽን ላኩልን» የሚል ጥያቄ ለብዙዎቻችሁ ስለሚመጣ ነው። የባህር ዳርቻ ዲቴክተር ገዝታችሁ አትላኩ። ለትንንሽ የወርቅ ቅንጣት የተሠሩት የተለዩ ናቸው። ለምሳሌ ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ያ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ለቅንጣት ወርቅ ነው የሚጠቅመው። ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ወርቅ ማውጣት በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለባህላዊ አምራች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃዱ ሳይኖር ማሽን መላክ ዘመድን ችግር ውስጥ መክተት ነው። ማሽኑ እንዴት እንደሚገባም አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ።

በዚህ ገበያ ላይ የማይንላብ የወርቅ ማሽኖች አስመስለው የተሠሩ በብዛት ይዞራሉ። ሙሉ ዋጋው ሦስት፣ አራት ሺህ የሆነ ማሽን በ700 ከቀረበላችሁ ሐሰተኛ ነው። ከታወቀ ወኪል ግዙ፣ መለያ ቁጥሩን አረጋግጡ።

በጭራሽ የማትገዙት

አንቴና ያለው፣ «ወርቅን ከ100 ሜትር ርቀት ያሳያል» የሚባል ዕቃ አለ። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ደህና ማሽን ሳንቲምን የሚያገኘው በ20 እና በ25 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ግኝት ከዚያም ያንሳል። እንግሊዝ ውስጥ ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ባዶ ዕቃ የቦምብ መፈለጊያ ነው ብሎ ለኢራቅ ጭምር ሸጦ በ2013 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ለወርቅ ነው ብለው የሚሸጡትም ከዚያው ወገን ናቸው። ገንዘብ ከመብላት አልፈው ቤት ያፈርሳሉ።

ሆቴል በር ላይ የሚፈተሹበት የእጅ ዲቴክተርም ለመሬት አይሆንም። ነገር ግን ፒንፖይንተር የሚባል አጭር የእጅ ዘንግ አለ፤ ይሄ የግድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታችሁ ሳንቲሙ ከግራ ይሁን ከቀኝ ይነግራችኋል። በጀታችሁ 400 ዶላር ከሆነ 280ውን ለማሽኑ፣ የቀረውን ለፒንፖይንተርና ጥርስ ላለው ጠንካራ የእጅ አካፋ አድርጉ። ሙሉውን ማሽኑ ላይ ጨርሶ በወጥ ማንኪያ የሚቆፍር ሰው የሰው ሣር አበላሽቶ ይባረራል። ሣሩን በሦስት በኩል ቁረጡ፣ አራተኛውን ጎን እንደተያያዘ ተዉትና እንደ ክዳን ክፈቱት። አፈሩን ጨርቅ ላይ አድርጉ። መልሳችሁ ረገጥ ረገጥ ስታደርጉት ማንም እንዳልነካው ይሆናል።

ከመግዛት በፊት ሕጉ

ይህ የሚቀየረው በየቦታው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ በዲቴክተር መፈለግ ክልክል ነው። ማናሳስ ጦር ሜዳም ይሁን ዋሽንግተን መሃል ያለው ናሽናል ሞል በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በ1979 በወጣው ሕግ መሠረት ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃ ከፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ ማውጣት ወንጀል ነው። ኦሽን ሲቲ የከተማው ዳርቻ ላይ ዲቴክተር ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ትንሽ እንደሄዳችሁ ያለው የአሳቲግ ብሔራዊ ዳርቻ ግን ይከለክላል። አሸዋው አንድ፣ ባህሩ አንድ፣ ሕጉ ሁለት። የካውንቲ ፓርክ ከሆነ ለፓርኩ ቢሮ ደውሉ። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። በ1978ቱ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ከ1700 በፊት የተሠራ ዕቃ የመንግሥት ነው፤ በቅርስ ሥፍራ በዲቴክተር መፈለግም ያስቀጣል። ኢትዮጵያ ውስጥም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። አክሱም ወይም ላሊበላ ዙሪያ ማሽን ይዞ መዞር አይታሰብ።

እንግሊዝ ያለው ልምድ ያስቀናል። በ1992 ሆክስን በሚባል የሰፎክ መንደር ኤሪክ ሎውዝ የሚባል ሰው የጠፋ መዶሻ ሊፈልግ ሄዶ የሮማውያን ወርቅና ብር ላይ ወደቀ። ጥቂት አውጥቶ ቁፋሮውን አቆመና አሳወቀ። አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ሙሉውን በሥርዓት አወጡት፤ ከ14,000 በላይ ሳንቲም ነበር። 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለው፣ ከገበሬው ጋርም ተካፈለ። መዶሻውም ተገኝቷል። ዛሬ እዚያ አገር ውድ ግኝት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

እንግዲህ ምርጫው

ግቢና ሜዳ ብቻ ከሆነ ሲምፕሌክስ ወይም ኤክስ ቴራ ፕሮ። እርጥብ አሸዋ ላይ ሳይጠልቁ ለመሄድ ቫንኩዊሽ 440 ወይም 540። ባህር ውስጥ ለመግባት ሌጀንድ፣ ክንድ የሚደክመውና ገንዘብ ያለው ዴውስ 2። ሁለቱንም፣ ግቢውንም ባህሩንም በአንድ ማሽን ለሚል ሰው አሁንም ሌጀንድ ወይም ያገለገለ ኢኩዊኖክስ 800።

ያገለገለ ስትገዙ ኮይሉ ሥር ያለውን መሸፈኛ አውልቃችሁ ስንጥቅ እዩ። ሽቦው ኮይሉ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በጣታችሁ እያወዛወዛችሁ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ አዳምጡ። ውሃ የሚችል ሞዴል ከሆነ የቻርጅ መሰኪያው ላይ አረንጓዴ ዝገት እንዳለ እዩ። ሻጩ ደረሰኝ ካለው ውሰዱት፤ የአንዳንድ ማሽኖች ዋስትና ሦስት ዓመት ስለሚደርስ ጊዜው ገና ሊኖረው ይችላል።